«ራሱ ወጥቷል?»፦ በአይጥ አንጀት ውስጥ ያለ ትል እንዴት ይቆጠራል

(በደብረ ማርቆስ ለባዮሎጂ መምህራንና ለሳይንስ ክበብ ተማሪዎች የተደረገ ንግግር። ከጥቂት ድግግሞሽ በቀር እንዳለ ቀርቧል።)

እንደምን አረፈዳችሁ!

የተከበራችሁ መምህራን፣ ወላጆች፣ ውድ ተማሪዎች። ቅዳሜ ገበያውን ትታችሁ፣ እርሻውን ትታችሁ ስለመጣችሁ እግዜር ይስጥልኝ። ከሞጣና ከቢቸና ትናንት ማታ ገብታችሁ ያደራችሁም እንዳላችሁ ሰምቻለሁ። እናንተን በተለይ አመሰግናለሁ።

እስቲ እጃችሁን አውጡ። ከእናንተ ውስጥ ጤና ጣቢያ ሄዶ የሰገራ ምርመራ አድርጎ የማያውቅ ማን ነው? አያችሁ፣ አንድም እጅ አልወጣም። ውጤቱ ሲመጣ ምን ተባላችሁ? «ትል አለ» ወይም «የለም»። አይደል? ስንት እንደሆነ የተነገረው አለ? ስንት ተባልክ አንተ? አልነገሩህም። እሺ።

ዛሬ የምለምናችሁ ይህንን ነው። «አለ ወይስ የለም?» ካላችሁ በኋላ አታቁሙ። «ስንት?» በሉ። ቁጥሩ ሲመጣ ደግሞ «የተቆጠረው ምኑ ነው?» በሉ። ይህችን ሁለተኛዋን ጥያቄ እኔ የተማርኳት በብዙ ድካም ነው፤ እነግራችኋለሁ።

ሦስት ነገር ላነሳ ነው የመጣሁት። ለምን እንደምንቆጥር፣ እንቁላሉ እንዴት እንደሚቆጠር፣ ትሉ ራሱ እንዴት እንደሚቆጠር። በመሀል ወደ ቤቴ ወሬ ብሄድ ታገሡኝ።

ከመጀመሪያው ልነሳ። ለምን እንቆጥራለን?

ሁለት ትል ያለበት አይጥና ሁለት መቶ ትል ያለበት አይጥ በ«አለ የለም» ቋንቋ አንድ ናቸው። በዓይን ስታዩአቸው ግን አንድ አይደሉም። አንዱ ይበላል፣ ይሮጣል። ሌላው ፀጉሩ ቆሞ፣ ጀርባው ጎብጦ ጥግ ይዞ ይቀመጣል። በሰውም እንዲሁ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የአንጀት ብልሃርዝያን የሚመድበው በቁጥር ነው። በአንድ ግራም ሰገራ ውስጥ ከ1 እስከ 99 እንቁላል ከተገኘ ቀላል ነው። ከ100 እስከ 399 መካከለኛ። 400 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ከባድ። ጣና ዳር ያደጋችሁ ልጆች ብልሃርዝያን በስም ብቻ አይደለም የምታውቁት። ሆዱ የተነፋ ጓደኛ ነበራችሁ። ጉበቱን የጎዳው እኮ የእንቁላሉ ብዛት ነው።

ታዲያ ለምን በአይጥ? ሰውን «ይህን ያህል ትል ዋጥ» ማለት አይቻልም። ከፍቶ ማየትም አይቻልም። ለአይጥ ግን የሰጠነውን ቁጥር እናውቃለን፤ መጨረሻ ላይም ስንቱ እንዳደገ ማየት እንችላለን። የገባውም የወጣውም የሚታወቀው እንዲህ ሲሆን ነው። በአንድ ነገር ግን አደራ እላችኋለሁ። አይጧ ሕይወት አላት። ሳትሰቃይ መያዝ አለባት፤ ስትሞትም ሳትሰቃይ መሞት አለባት። በ10 አይጥ የሚመለስ ጥያቄ 30 አይጥ መጨረስ የለበትም። በደንብ የማይቆጥር ሰው አይጥ ባይነካ ይሻላል። በከንቱ ነው የሚገድላት።

አሁን ወደ ቤቴ ልውሰዳችሁ።

እኔ ያደግሁት ጎተራ ባለበት ቤት ነው። አባቴ ጤፍ፣ ስንዴና በቆሎ ያመርት ነበር። በክረምት ከጎተራው እህል ለማውጣት የምላከው እኔ ነበርኩ። እጄን ሳስገባ ምን አገኝ ነበር? ነቀዝ፣ ዱቄት የመሰለ አቧራ፣ የአይጥ ኩስ። እኛ ጎጃሞች ለዚህ ለዚህ ቃል አልቸገረንም። የላም እበት፣ የፈረስ ፋንድያ፣ የበግ በጠጥ፣ የዶሮ ኩስ እንላለን። ያኔ ሁሉም ቆሻሻ ነበር ለእኔ። ዓመታት አልፈው ላቦራቶሪ ገብቼ ስማር ነው ጎተራው ውስጥ ምን ይካሄድ እንደነበር የገባኝ።

ሃይሜኖሌፒስ ዲሚኑታ የሚባል ትል አለ። ጠፍጣፋ፣ ጥብጣብ የመሰለ፣ የኮሶ ትል ዘመድ ነው። የሚኖረው በአይጥ አንጀት ውስጥ ነው። ርዝመቱ ከ20 እስከ 60 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። አይጧ ጎተራው ውስጥ ትጸዳዳለች። እንቁላሉ ከኩሷ ጋር ይወጣል። የዱቄት ነቀዝ ያንን ይበላል። እንቁላሉ በነቀዙ ሆድ ውስጥ ተፈልፍሎ እጭ ይሆናል። አይጧ ተመልሳ እህሉን ስትበላ ነቀዙንም ትበላለች። እጩ አንጀቷ ላይ ይጣበቅና ትል ይሆናል። አይጥ፣ ነቀዝ፣ አይጥ። ዙሩ በሙሉ እኔ እጄን በማስገባበት ጎተራ ውስጥ ነበር! ነቀዝ ያለበት ጥሬ ዱቄት የቀመሰ ሕፃንም አንዳንዴ ይይዘዋል።

ለቆጠራ ይህ ትል ግሩም ነው። ለምን? ነቀዙን በማይክሮስኮፕ ስር ከፍታችሁ እጮቹን አንድ ሁለት ብላችሁ ታወጣላችሁ። አምስት ከፈለጋችሁ አምስት ትሰጣላችሁ። በሦስት ሳምንት ውስጥ ትሉ አድጎ እንቁላል ያወጣል።

ወደ ሁለተኛው ነጥብ ልሂድ። እንቁላሉ እንዴት ይቆጠራል?

እዚህ ላይ ረጋ እላለሁ። ዋናው ሥራ እዚህ ነውና።

መጀመሪያ የአይጡ ቤት ወለል ወንፊት ሽቦ መሆን አለበት። አይጥ የገዛ ኩሷን ትበላለች። ወለሉ ድፍን ከሆነ የምትቆጥሩትን ቀድማችሁ ትበላዋለች። ሃይሜኖሌፒስ ናና የሚባለው ትንሹ ዘመዱ ላይ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። እሱ ነቀዝ አያስፈልገውም። አይጧ እንቁላሉን ከኩሷ ጋር ስትበላ እንደገና ይይዛታል። ሰውንም ይይዛል፤ ስለዚህ ጓንት ሳታደርጉ አትንኩት። ጓንት ጓንት ነው፣ ክርክር የለውም።

በሽቦው ስር ወረቀት ታነጥፋላችሁ። በየቀኑ በአንድ ዓይነት ሰዓት ትሰበስባላችሁ። ዛሬ ጠዋት፣ ነገ ማታ አይሆንም። ከተቻለ የ24 ሰዓቱን ሰብስቡና አዋህዱት።

ቀጥሎ ትመዝናላችሁ። ግማሽ ግራም እንበል። በጨው ውኃ ትበጠብጡታላችሁ። የጨው ውኃው እንዴት ይሠራል? ሞቅ ባለ ውኃ ጨው ትጨምራላችሁ፣ ታማስላላችሁ፣ ትጨምራላችሁ፤ ጨው አልሟሟም ብሎ ከታች እስኪቀር ድረስ። ይህ ውኃ ከእንቁላሉ ይከብዳል። እናቶቻችን ስንዴ ሲያጥቡ እብቁ ከላይ ይንሳፈፍ የለ? ልክ እንደዚያ እንቁላሉ ይንሳፈፋል፣ ቆሻሻው ይሰምጣል።

አጥልላችሁ ማክማስተር በሚባለው መቁጠሪያ ስላይድ ላይ ታፈስሳላችሁ። ይህ መሣሪያ የመጣው ከአውስትራሊያ ነው፤ ዘዴው በጽሑፍ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1939 ነው። የተሠራው ለበግ ነበር። በግ አርቢዎች መንጋቸው ምን ያህል ትል እንዳለበት ማወቅ ፈልገው ነው። ስላይዱ ሁለት ክፍል አለው። እያንዳንዱ ከመስመሩ በታች 0.15 ሚሊ ሊትር ይይዛል። ሁለቱ ሲደመር 0.3።

ሒሳቡን አብረን እንሥራው። የበጠበጥነው በ15 ሚሊ ሊትር ነው። 15 ለ0.3 ሲካፈል ስንት? ጎሽ፣ 50። ስለዚህ ያየነውን በ50 እናበዛለን። ግን የመዘንነው ግማሽ ግራም ስለነበር ለአንድ ግራም እንደገና በ2 እናበዛለን። በጠቅላላው በ100። 37 እንቁላል ካያችሁ በአንድ ግራም 3,700 ማለት ነው።

አንድም እንቁላል ባላይስ? ዜሮ ሲባዛ በ100 ዜሮ ነው። ግን ዜሮ ማለት «የለም» ማለት ነው? አይደለም! አንዲት እንቁላል ማየት 100 ማለት ከሆነ፣ ምንም አለማየት «ከ100 በታች ሊሆን ይችላል» ማለት ነው። «ከ100 በታች» ብላችሁ ጻፉ። «የለም» ብላችሁ አትጻፉ። ይህንን ልድገመው። «የለም» ብላችሁ አትጻፉ!

የብልሃርዝያ እንቁላል በዚህ ዘዴ አይመችም። ከባድ ነው፣ ጨውም ያጨማድደዋል። ለእሱ ካቶ ካትዝ የሚባል ዘዴ አለ። በ1954 ካቶ የተባሉ ጃፓናዊ ጀመሩት፣ በ1972 ካትዝ የተባሉ ብራዚላዊና ባልደረቦቻቸው ቁጥር አስገቡበት፤ ሁለቱም ዓመት በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ቀዳዳ ያላት ትንሽ መስፈሪያ አለች። ቀዳዳዋ 41.7 ሚሊ ግራም ትይዛለች። የቆጠራችሁትን በ24 ስታበዙ የአንድ ግራሙን ታገኛላችሁ። አባቴ አውድማ ላይ በቁና ሰፍሮ የዓመቱን እህል ይገምት ነበር። መስፈሪያዋን ሳያት ሁልጊዜ ትዝ የሚለኝ እሱ ነው። ቁናውን በእጁ አስተካክሎ፣ የተረፈውን ጠርጎ። አንድም ጊዜ ከምሮ አልሰፈረም፤ አንድም ጊዜ አጉድሎ አልሰፈረም። መስፈሪያዋን ስትሞሉ እንደዚያ ሙሏት።

አሁን «የተቆጠረው ምኑ ነው?» የምትለዋን ጥያቄ የተማርኩበትን ታሪክ ልንገራችሁ።

ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት ነው። ከአንድ የአገራችን ዛፍ ቅጠል የተዘጋጀ መድኃኒት በአይጥ ላይ እንድሞክር ተሰጠኝ። የዛፉን ስም ዛሬ አልጠራም፤ ሥራው የብቻዬ አልነበረምና። 20 አይጦች ነበሩ። ለእያንዳንዳቸው 5 እጭ ሰጠን። እንቁላል መውጣት ሲጀምር 10ሩ መድኃኒት ተሰጣቸው፣ 10ሩ ውኃ። በሦስተኛው ቀን ኩሱን ቆጠርኩ። መድኃኒት የወሰዱት ከዚያ በፊት በግራም በአስር ሺዎች ነበር እንቁላላቸው። አሁን ስላይዱን ከዳር እስከ ዳር አየሁት። ባዶ። ሁለተኛው አይጥ ባዶ። ሦስተኛው ባዶ። ወረቀቱ ላይ ትሎቹ ተቆራርጠው ወድቀው አየሁ። ነጭ፣ ክር ክር የሚል ቁርጥራጭ። እጄ ተንቀጠቀጠ። ለእናቴ ስልክ ደወልኩ። «እማዬ፣ አገር የሚጠቅም ነገር አገኘን» አልኳት።

ውጤቱን ጽፌ ለኃላፊዬ ይዤ ሄድኩ። ጋሼ ነበር የምንላቸው። መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አነበቡት። አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ።

«የትሉን ራስ ቆጥረሻል?»

«እንቁላሉ እኮ ጠፍቷል ጋሼ፤ ትሉም ወጥቷል።»

«ትሉ ወጥቷል። ራሱ ወጥቷል?»

ዝም አልኩ። ዝም ያልኩት መልስ ስላጣሁ ብቻ አይደለም። ይህንን ጥያቄ ከዚያ በፊት ሰምቼው ስለነበር ነው።

አያቴ ኮሶ የምትጠጣበት ቀን ነበራት። ጥሬ ሥጋ ትወድ ነበር፣ ኮሶ አያጣትም። ሌሊት ትነሳለች። የተወቀጠው ኮሶ በውኃ ተበጥብጦ አድሯል። በባዶ ሆዷ፣ አፍንጫዋን ይዛ፣ አንዴ ጀምራ ሳታቆም ትጨልጠዋለች። ምሬቱን ቀምሳችሁት ከሆነ የምለው ይገባችኋል። ከዚያ ነጠላዋን ደርባ ከቤት ጀርባ ወደ ባሕር ዛፉ ትሄዳለች። ስትመለስ ታላቅ እህቷ በር ላይ ቆማ ትጠብቃታለች። ሌላ ነገር አትጠይቃትም። ተሻለሽ ወይ አትላትም።

«እታለም፣ ራሱ ወጥቷል?»

«እንጃ፣ አላየሁትም» ካለች እህቷ ከንፈሯን ትመጥጣለች። «እንግዲያ ይመለሳል» ትላለች። ሜትር ሙሉ ትል ቢወጣ፣ ራሱ ካልወጣ ለእነሱ ምንም አልወጣም።

ለምን? አሁን እናንተ መምህራን ታውቁታላችሁ። ይህ ዓይነቱ ትል የሚያድገው ከአንገቱ ነው። ራሱ አንጀት ላይ ተጣብቆ ይቀመጣል። ከአንገቱ ስር አዲስ ቁራጭ ይወጣል፣ የቀደመው ወደ ኋላ ይገፋል። እንቁላል የሚይዘው ኋለኛው ነው። መድኃኒት ገላውን ሊያስጥለው ይችላል። ራሱ ከቀረ ግን እንደገና ገላ ያበቅላል። አያቴም እህቷም ማይክሮስኮፕ አላዩም፤ ፊደልም አልቆጠሩም። ምኑ መቆጠር እንዳለበት ግን ከእኔ ቀድመው አውቀዋል።

ጋሼ ምን አደረጉ? አልተቆጡም። ከ10ሩ 4ቱን በሕይወት አቆይተን እንድንጠብቅ አዘዙ። 6ቱን በዚያው ቀን ከፈትናቸው። የሦስቱ አንጀት ንጹሕ ነበር። የሌሎቹ ሦስቱ ግን ራስ ነበረበት። አሸዋ የምታክል ነጭ ነጥብ፣ ከኋላዋ አጭር ጭራ የያዘች። ያቆየናቸው 4ቱስ? በ19ኛው ቀን በሁለቱ ኩስ ውስጥ እንቁላል ተመለሰ። እኔ ባዶ ብዬ የጻፍኩት ያው አይጥ ላይ።

ለእናቴ ደግሜ ደወልኩ። ከመጀመሪያው ስልክ ይልቅ ይህኛው ከበደኝ።

እንግዲህ ሦስተኛው ነጥብ ላይ ገብተናል። ትሉ ራሱ እንዴት ይቆጠራል?

አይጧ እንደሞተች ወዲያው ነው። አታሳድሯት። ካደረች ትሉ ይለቅቃል፣ ይቆራረጣል፣ ይሟሟል። ትንሹ አንጀት ተለይቶ ይወጣል። ሞቅ ባለ፣ ጥቂት ጨው ባለው ውኃ፣ በአካል ሙቀት ልክ፣ ሰፊ ትሪ ላይ ይዘረጋል። ጫፉ ዱልዱም በሆነ መቀስ ከላይ እስከ ታች ይሰነጠቃል። እዚህ ላይ ትንፋሻችሁን ያዙ። ትሉ ውኃው ውስጥ ሲንሳፈፍ ታያላችሁ፤ ነጠላ ጥለት ላይ የተመዘዘ ክር ይመስላል። በችኮላ ብትስቡት ይበጠሳል፣ ራሱ ይቀራል። ተዉት። ውኃው ውስጥ ቆይቶ በራሱ ጊዜ ይለቅቅ። ከዚያ ከትሪው ስር ጥቁር ጨርቅ ታደርጋላችሁ። ነጭ ነገር በነጭ ላይ አይቆጠርም። የምትቆጥሩት ራስ ብቻ ነው። ቁርጥራጩ መቶ ቢሆን፣ ራስ አምስት ከሆነ ትሉ አምስት ነው።

ብልሃርዝያ ሲሆን መንገዱ ሌላ ነው። እሱ ያለው አንጀት ውስጥ ሳይሆን በአንጀትና በጉበት ደም ሥር ውስጥ ነው። ፈሳሽ በደም ሥሩ ተገፍቶ ትሎቹ ታጥበው ይወጣሉ፤ በወንፊት ተይዘው ይቆጠራሉ። አይጥ ላይ 100 እጭ ብታስገቡ ለአካለ መጠን የሚደርሰው ከሲሶ ብዙም አይርቅም።

አሁን ቁጥር የሚያሳስትበትን ሦስት ቦታ ልንገራችሁ።

አንደኛው መጨናነቅ ነው። አምስት ትል ያለበት አይጥና ሃምሳ ትል ያለበት አይጥ አሉ እንበል። እንቁላሉ አስር እጥፍ ይሆናል? አይሆንም። ቡሬና ፍኖተ ሰላም በቆሎ የምትዘሩ ታውቁታላችሁ። አጠጋግታችሁ ብትዘሩ ይቆረቁዛል፣ እሸቱም ያንሳል። ትሉም ያው ነው። ሲበዛ እያንዳንዱ ያጥራል፣ እንቁላሉም ይቀንሳል። ስለዚህ ከእንቁላል ብዛት ተነስቶ የትል ብዛትን ማስላት ያሳስታል። ሁለቱም ለየብቻ ይቆጠሩ፤ ለየብቻ ይጻፉ።

ሌላው አማካይ ነው። ከጎተራ 10 አይጦች ያዝን እንበል። የትላቸው ብዛት ይህ ነው፦ 0፣ 1፣ 0፣ 2፣ 1፣ 0፣ 3፣ 1፣ 2፣ 40። ድምሩ 50፣ አማካዩ 5። ግን አምስት ትል ያለበት አይጥ የትኛው ነው? አንድም የለም! መሀል ከፋዩን ብትወስዱ 1 ነው። ይህ ለምሳሌ ያመጣሁት ቁጥር ነው፤ ጠባዩ ግን እውነት ነው። በአይጥም፣ በበግም፣ በሰውም ጥቂቶች ብዙውን ትል ይሸከማሉ። ከክፍላችሁ 50 ተማሪ ውስጥ አብዛኛውን ትል የተሸከሙት አስር ያህል ልጆች ሊሆኑ ይችላሉ። «አማካዩ ቀላል ነው» ብላችሁ ብትዘጉት እነዚያን አስር ልጆች አላያችኋቸውም። እነሱ ናቸው ክፍል ውስጥ የሚያንቀላፉት። እነሱ ናቸው «ሰነፍ» የሚባሉት። መምህራን ሆይ፣ በዚህ ነገር ልቤ ይቃጠላል። እባካችሁ አማካዩን ብቻ አትመልከቱ።

የመጨረሻው የራሳችን ምኞት ነው። እኔ ያን ጊዜ መድኃኒቱ እንዲሠራ ፈልጌ ነበር። የሚፈልግ ዓይን እንቁላሏን የአየር አረፋ ያደርጋታል፤ አረፋውን ደግሞ እንቁላል። ስለዚህ አሁን ስንሠራ ብልቃጡ ላይ የምንጽፈው ምልክት ብቻ ነው። የትኛው መድኃኒት እንደወሰደ፣ የትኛው ውኃ እንደጠጣ የምትቆጥረው ሰው አታውቅም። ሁለት ሰው ለየብቻ ይቆጥራል። ቁጥራቸው ከተራራቀ ሦስተኛ ሰው ይጠራል።

ተማሪዎች፣ አሁን ተራው የእናንተ ነው። ከኋላ ጠረጴዛው ላይ ሦስት ማይክሮስኮፕ አለ። ስላይዶቹ ላይ ያለው የተገደለ ናሙና ነው፤ አትፍሩ፤ ጓንቱ ግን አይቀርም። እንቁላሉ ክብ፣ ቢጫ ቡናማ ነው፤ በውስጡ ስድስት ትንንሽ መንጠቆ ታያላችሁ። ጥቁር ክፈፍ ያለው፣ ውስጡ ባዶ የሆነው የአየር አረፋ ነው። ከግራ ወደ ቀኝ፣ እንደ እርሻ ፈር፣ አንዱን መስመር ሳትደግሙ ሂዱ። የላይኛውንና የግራውን መስመር የነካውን ቁጠሩ፤ የታችኛውንና የቀኙን የነካውን ተዉ።

ሁለት ሁለት ሆናችሁ ኑ። እያንዳንዳችሁ ወረቀት ውሰዱ። ቁጥራችሁን ለጓደኛችሁ ሳታሳዩ ጻፉና አጥፉት። ሁሉም ከጨረሰ በኋላ አንድ ላይ እንከፍተዋለን። ከሞጣ የመጣችሁ ቀድማችሁ ጀምሩ፣ መኪናችሁ ስድስት ሰዓት ላይ ነው።